የማክሰኝቱ ልጅ፦ ከ74ኛ እስከ ብር ሜዳሊያ

ኳስ የምትከታተሉ ሁሉ ይህቺን ስሜት ታውቋታላችሁ። ክለባችሁ ከታዳጊ ቡድኑ የለቀቀው ልጅ ከዓመታት በኋላ የሌላ ክለብ መለያ ለብሶ ይመጣና በገዛ ሜዳችሁ ጎል ያገባባችኋል። ልጁ አይጨፍርም፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል። እናንተም ልትናደዱ ትሞክሩና ሳታስቡት "አይ ልጅ!" የምትል አድናቆት ታመልጣችኋለች። ተናዳችኋል፣ ግን ደግሞ ኮርታችኋል።

ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት (እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2023) ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ የደረሰበት ይኸው ነው። ቦታው ቡዳፔስት፣ ውድድሩ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን። በዋዜማው አማኔ በሪሶና ጎተይቶም ገብረሥላሴ በሴቶቹ ማራቶን ወርቅና ብሩን ጠራርገው ስለወሰዱ ሁሉም ሰው ከወንዶቹም ያንኑ ይጠብቃል። ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። የ2022 (እ.ኤ.አ.) ሻምፒዮኑ ታምራት ቶላ አቋረጠ። ተስፋው ሁሉ ልዑል ገብረሥላሴ ላይ ወደቀ። ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ፈትለክ ብሎ ሲሄድ "በቃ፣ ብሩ የኛ ነው" ተባለ።

አልሆነም። ከኋላ አንድ ቀጭን ልጅ እየቀረበ መጣ። መጨረሻው አካባቢ ልዑልን አልፎት ሄደ። ኪፕላንጋት በ2 ሰዓት ከ08 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ያ ልጅ በ2 ሰዓት ከ09 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ሁለተኛ። ልዑል 7 ሴኮንድ ዘግይቶ ነሐስ አገኘ። የብር ሜዳሊያው ባለቤት መለያ ላይ የተጻፈው "እስራኤል" ይላል። ስሙ ግን ማሩ ተፈሪ ነው። እንዴ! ማሩ? ተፈሪ? ይሄማ የኛ ሰፈር ስም ነው!

አዎ፣ የኛው ሰፈር ነው። ማሩ የተወለደው ማክሰኝት ነው።

<b>ማክሰኝት ማለት</b>

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሰው ማክሰኝትን ያውቃታል። አዘዞን አልፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርድ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ መንገዱን ይዛ የተዘረጋች የገበያ ከተማ ናት፤ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ። በገበያ ቀን ጤፉ፣ ማሽላው፣ ሽምብራው፣ በጉ ይግተለተላል። መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። የኦሎምፒክ ሯጭ ይወጣባታል ብሎ የሚያስብ ግን የለም።

ማሩ እዚያ የተወለደው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1992፣ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1984 ዓ.ም. ነው። ያ ጊዜ በጎንደር ላሉ ቤተ እስራኤላውያን ትልቅ ለውጥ ከመጣ ገና አንድ ዓመት ያለፈው ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት "ዘመቻ ሰለሞን" በተባለው ጉዞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓጉዟል። ያልሄዱት ደግሞ ቀሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ ከየገጠሩ ወደ ጎንደር ከተማ ወጥተው የጉዞ ተራቸውን ለዓመታት ጠብቀዋል። አንዱ ወንድም ሄዶ ሌላው የቀረበት ቤት ጎንደር ውስጥ ብርቅ አይደለም። 

ማሩ ሀገሩን ለቆ የሄደው የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። ይህቺን ዕድሜ ልብ በሉልኝ። 14 ዓመት ማለት ቋንቋውም ጨዋታውም ገብቶህ፣ ጓደኞችህን ይዘህ፣ የሰፈርህን አቀበት በእግርህ ለክተህ የጨረስክበት ጊዜ ነው። ሕፃን ሆኖ እንደሄደ ሰው "አላስታውስም" አትልም። አዲሱ ሀገር ደግሞ ቋንቋውም፣ ትምህርቱም፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ኳስ ተጫዋች ብትሆን እንኳ በአዲስ ቡድን ውስጥ ኳስ የሚሰጥህ እስክታገኝ ጊዜ ይፈጃል። ሩጫ ግን ኳስ የሚያቀብል ሰው አያስፈልገውም። ጫማህን አስረህ መውጣት ብቻ ነው።

<b>74ኛ የወጣን ሰው ማን ያስታውሳል?</b>

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ የዚህ ልጅ ታሪክ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነውና።

እ.ኤ.አ. 2016፣ ሪዮ ኦሎምፒክ። የዚያን ቀን ማራቶን የምናስታውሰው በፈይሳ ሌሊሳ ነው፤ ብሩን ወስዶ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የገባበት ዕለት። ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ08 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ አሸነፈ። ማሩም እዚያ ነበረ። የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስንተኛ ወጣ? 74ኛ። ከአሸናፊው 12 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። በማራቶን 12 ደቂቃ ማለት በኳስ 8 ለ0 እንደመሸነፍ ነው። ካሜራው ከሄደ፣ አሸናፊው ቃለ ምልልስ ከሰጠ በኋላ ነው የምትደርሰው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። "ኦሎምፒክ ሄጃለሁ፣ በቃኝ" ማለትም ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ማሩ አላቆመም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2021፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሙቀት ተሸሽቶ ሳፖሮ ከተማ ተካሄደ። ሙቀቱ ግን ተከትሎ መጣ። ከኛ በኩል የተሰለፉት ሌሊሳ ዴሲሳ፣ ሹራ ኪታታና ሲሳይ ለማ ሦስቱም አቋረጡ። ማሩ በ2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ02 ሴኮንድ 13ኛ ሆኖ ገባ። ከኪፕቾጌ የራቀው በ4 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነው። 12 የነበረው 4 ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2022፣ ሙኒክ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና። ማራቶኑ መጨረሻ ላይ የ400 ሜትር ውድድር መሰለ። ማሩ ወርቁን በእጁ ሊያስገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር ከኋላው መጥቶ ቀደመው። ልዩነቱ 2 ሴኮንድ ብቻ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠህ በ2 ሴኮንድ! ነሐሱን የወሰደው ጋሻው አያሌ ነው፤ እሱም ኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል የሚሮጥ ልጅ ነው። በቡድን ደግሞ እስራኤል ወርቅ አገኘች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ማሩ ጃፓን ሄዶ የፉኩኦካን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ አሸነፈ። ፉኩኦካን የአትሌቲክስ ወዳጅ ያውቃታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2006 (እ.ኤ.አ.)፣ ፀጋዬ ከበደ ደግሞ በ2008 እና በ2009 ያሸነፉባት ከተማ ናት። የኃይሌ ሰዓት ያኔ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ነበር። በእርግጥ የዛሬው ጫማ የያኔው ጫማ አይደለም፤ ማሩን ከኃይሌ ጋር ማወዳደርም አይቻልም። ሆኖም የማክሰኝት ልጅ ስሙን ከነኃይሌ ስም ዝርዝር ሥር አስገብቷል።

ከዚያ ቡዳፔስት መጣ። ከአሸናፊው የራቀው በስንት? በ19 ሴኮንድ።

12 ደቂቃ፣ 4 ደቂቃ፣ 19 ሴኮንድ። ሰባት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። እስራኤል በዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። እኛ አንድ አጥቂ ሦስት ጨዋታ ጎል ሳያገባ ሲቀር "ይሸጥ!" ብለን እንጮሃለን። ይህንን ልጅ ከ74ኛው ቦታ ጀምሮ የጠበቀው አሠልጣኝና ፌዴሬሽን ግን ዋጋውን አግኝቷል።

<b>በዚያን ጠዋት ማክሰኝት</b>

ደስታው ግን በትውልድ ቦታው እንደልብ የሚወራ አልነበረም። በዚያው ወር የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ጎንደርን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች ግጭት ነበር፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የኳስ ወዳጅ ቪዲዮውን በስልኩ ደጋግሞ ሲያይ የጎንደሩ ልጅ ስልክ ዝም ብሏል። በማክሰኝት ተወልዶ የዓለም ሁለተኛ የሆነን ሰው ዜና የማክሰኝት ልጅ ከሌላው ዘግይቶ ቢሰማ አይገርምም።

የጎንደር ደጋፊ ለዚህ ዓይነት ነገር አዲስ አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ያን የውድድር ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አልተጫወተም። ኮሮና ስለነበር ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው ያለቀው። ዐፄዎቹ ሻምፒዮን ሆኑ፤ ደጋፊው ግን ጨዋታዎቹን ያየው በዲኤስቲቪ ነው። ልጅህ ሩቅ ሀገር ሲያሸንፍ ከቤትህ ሆነህ ማጨብጨብን ጎንደር ለምዳዋለች።

<b>ከማሩ በፊትም ነበሩ</b>

ማሩ የመጀመሪያው አይደለም። ከሱ በፊት ኃይሌ ሰጠኝ ነበረ፤ አየለ ሰጠኝ እያሉም ይጽፉታል። እሱም በ1983 ዓ.ም. ነው ወደ እስራኤል የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶን ሲሮጥ በመዝገብ የተጻፈው ዕድሜው 49 ነበር። ስንተኛ ወጣ ብትሉ 20ኛ! ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ በ53 ዓመቱ ደግሞ ተሰለፈ። በዚያ ኦሎምፒክ ከአትሌቲክስ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር። እኛ ሀገር የ32 ዓመት ተከላካይ "አርጅቷል" ይባላል!

ለኳስ ሰዎችም ድርሻችሁን ላቅርብ። ባሩክ ደጎን ታስታውሱታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1981 ኢትዮጵያ የተወለደው አማካይ በማካቢ ቴል አቪቭ መለያ እ.ኤ.አ. በ2004 በቻምፒየንስ ሊግ ሁለት ጎል አግብቶ አያክስን 2 ለ1 የረታ ነው። ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድንም ተሰልፏል። ከሱ በኋላ ኤሊ ዳሳ መጣ። ዳሳ የተወለደው እዚያው ኔታንያ ነው፤ ወላጆቹ ግን የኢትዮጵያ ሰዎች ናቸው። የቀኝ መስመር ተከላካዩ በሆላንዱ ቪተስና በሩሲያው ዳይናሞ ሞስኮ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የብሔራዊ ቡድኑን የአምበልነት ጨርቅ ሲያስር ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የተገኘ የመጀመሪያው አምበል ሆነ።

ነገሩ የእስራኤል ብቻም አይደለም። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በኦገስት 2024 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ለሆላንድ ሮጣ ትዕግስት አሰፋን በ3 ሴኮንድ ቀድማ የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ስትወስድ ያንኑ የተቀላቀለ ስሜት እንደገና ቀምሰናል። ዓለምም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ትንሿ ሳሞአ ልጆቿ ለኒውዚላንድ ራግቢ ሲጫወቱ ታያለች። ሰው ይሄዳል፤ እግሩም አብሮት ይሄዳል። ተወልዶ ያደገበት አቀበት ያጠነከረውን እግር ፓስፖርት አይቀይረውም።

<b>ተራራው አለ፣ ሯጩስ?</b>

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። ከጎንደር ወደ ሰሜን ውጡ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ የሰሜን ተራሮች ናቸው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ፈረንጅ አትሌት በብዙ ዶላር "ከፍታ ቦታ ልለማመድ" ብሎ የሚፈልገው አየር ለደባርቅ ልጅ በነጻ የተሰጠው ነው። ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ያየዋል፤ ልጆች በላስቲክ ጫማ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው፣ በረዶ በመሰለ ብርድ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። ግማሾቹ የአርሴናልና የማንቼስተር ያረጀ መለያ ነው የለበሱት።

ታዲያ የአትሌቲክሳችን ትልልቅ ስሞች ለምን ከሌላ አካባቢ ሆኑ? ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂ፤ ኃይሌ ከአሰላ። እ.ኤ.አ. በ2003 እነ ሮበርት ስኮትና ያኒስ ፒትሲላዲስ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ካጠኗቸው የኢትዮጵያ ማራቶን ሯጮች ከአስሩ ሰባቱ ያህል አርሲና ሸዋ የተወለዱ ናቸው። ሌላም ነገር አግኝተዋል፤ ከማራቶን ሯጮቹ ከአስሩ ሰባቱ ያህል በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚመላለሱት እየሮጡ ነበር። ከሌላው ሰው ግን እየሮጠ የተማረው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከፍታው ጎንደርም አለ፣ ወደ ትምህርት ቤት መሮጡም አለ። ልዩነቱ ምንድነው? በቆጂን በቆጂ ያደረጋት አየሩ ብቻ አይደለም። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በየጠዋቱ ልጅ ሰብስቦ፣ ሰዓት ይዞ፣ "አንተ ና፣ አንቺ ነይ" እያለ ዓመታት ስለቆመ ነው። ደራርቱ ወርቅ ይዛ ስትመለስ የሰፈሩ ልጅ በዓይኑ ስላየ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው መንገዱን ያውቀዋል። የኳስ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ተሰጥኦ ያለው ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ የሚያየው ሰው ግን የለም።

የማሩ ታሪክ ለዚህ ነው ለኛ የሚጠቅመን። የሚሮጥ እግር ማክሰኝት ላይ ሊወለድ እንደሚችል ማስረጃው እሱ ነው። ሪዮ ላይ 74ኛ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰባት ዓመት የሚያሠራው ባያገኝ ኖሮ ያው እግር ሊባክን ይችል ነበር። ማክሰኝት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ማን ሰዓት ይይዝለት ነበር? መልሱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ፤ ለክልሉ የስፖርት ሰዎችም ጭምር።

<b>ገና አላለቀም</b>

ማሩ ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ ሰላማዊት ተፈሪም ሯጭ ናት፤ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሁለቱም ተሰልፈዋል። ቤት ውስጥ ማን እራት ይሥራ ብለው ሳይሆን ማን ቀድሞ ልምምድ ይውጣ ብለው ሳይጨቃጨቁ አይቀሩም! ፓሪስ 2024 (እ.ኤ.አ.) ለማሩ ሦስተኛው ኦሎምፒክ ነበር።

"ከእንግዲህማ አለቀለት" የምትሉ ካላችሁ አንዲት ቀላል ስሌት ልስጣችሁ። ኪፕቾጌ ሳፖሮ ላይ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቁን ሲወስድ 36 ዓመቱ ነበር። የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በ2028 (እ.ኤ.አ.) ሲመጣ ማሩም ገና 36ኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። በኳስ ይህ ዕድሜ ጫማ የሚሰቀልበት ነው፤ በማራቶን ግን ወርቅ ተወስዶበታል። ሆድ ካለው፣ ጉልበቱም ካልከዳው ዕድሜው አያግደውም። ኃይሌ ሰጠኝ በ53 ዓመቱ ኦሎምፒክ የሮጠበትን መለያ የለበሰ ሰው ዕድሜን ሊፈራ አይገባውም።

በበኩሌ ሎስ አንጀለስ ላይ እሱም የኛም ልጆች አንድ ላይ መሪው ቡድን ውስጥ ቢታዩ ደስ ይለኛል። ወርቁን የኛ ሰው ይውሰደው፤ በዚህ አልደራደርም። ብሩን ግን ማሩ ቢወስደው አልቀየምም። ከሁሉ በላይ የምመኘው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከማክሰኝት፣ ከዳባት ወይም ከደባርቅ፣ በላስቲክ ጫማና በአርሴናል መለያ የሚሮጠውን ልጅ ሰዓት ይዞ የሚያይ ሰው ይምጣ። ያ ልጅ በሌላ መለያ እስኪያገባብን ድረስ አንጠብቅ።